የልዑልቃል አደራ

ባሌ ልዑልቃል የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ሠላሳ ዓመት ጨርሷል። እኛ ራሳችን መኪና ኖሮን አያውቅም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ማማረሩ ገና ይመጣል።

ቦንጋ ውስጥ ጋሽ ልዑል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የትኛውም ባጃጅ ነጂ ከመናኸሪያው በታች ያለችውን የቆርቆሮ ጋራዥ ያሳያችኋል። ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ ከአንድ የሻይ እርሻ ጋራዥ ነው፤ ትራክተር ከማጠብ ጀምሮ ሞተር እስከ ማውረድ ደረሰ። ስሙን ያስጠራው ግን ሙያው ብቻ አይደለም። የለወጠውን አሮጌ ብሎን እንኳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። አንዴ ወንበር ሥር ወድቆ ያገኘውን የወርቅ ጉትቻ ይዞ ባለመኪናው ቤት ድረስ ሄደና ለሚስቲቱ በእጇ ሰጣት። ጉትቻው የሷ አልነበረም። በዚያ ቤት የተነሳውን ጠብ ለማብረድ ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ልዑልቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

እኔ የሻረግ እባላለሁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ልዑልቃል ደግሞ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። እኔ የሁለታችንንም ድርሻ እየተናገርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖርን።

ከአራት ዓመት በፊት ይዲድያ የሚባል የቡና ነጋዴ ልጅ፣ ለሰርጉ ብሎ የገዛትን ስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ እየነዳ መጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አያት። ሙሽሮቹን ይዛ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ሆዷ ተሰቀለና ሚዜዎቹ ከነሱፋቸው ተሸክመው አሻገሯት። ሰርጉ ሲያልቅ ይዲድያ ሚስቱን በሌላ መኪና ይዞ ተመለሰ፤ መኪናዋን ግን በአባቱ ግቢ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሸራ አልብሶ አቆማት። ቁልፉን ለባሌ ሲሰጥ እኔም ነበርኩ።

«ጋሽ ልዑል፣ አደራ» አለው። «ዝገት እንዳይነካት። ኪሎሜትሯም እንዳይጨምር፤ ስሸጣት ዋጋ የሚያወጣት እሱ ነው።»

ባሌ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከተማው ለመኪናዋ ስም ለማውጣት አልዘገየም። ለሰርግ መጥታ ሸራ እንደተከናነበች ስለቀረች ሙሽሪት አሏት።

ከዚያ በኋላ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የሙሽሪት ሆነ። ልዑልቃል ጠዋት ተነስቶ ገላውን ይታጠባል፤ ለአይሱዙ የማይለብሰውን ንጹሕ ቱታ ይለብሳል። ሸራውን ገልጦ ያናፍሳል፤ የእኛ አገር ዝናብ ዘጠኝ ወር አይለቅም፤ ሸራው ሥር ሻጋታ ያበቅላል። በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን በእጁ ያዞራል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከቆሙ ቅርፃቸውን ያጣሉ። ኮፈኑን ከፍቶ አይጥ የቆረጠችው ሽቦ እንዳለ ያያል። ባትሪውን ይገጥምና ሞተሩን ለሃያ ደቂቃ ያሠራል፤ ግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይወስዳታል። በየዓመቱ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይለውጣል።

«ያልተነዳች መኪና ዘይት ለምን ይለወጣል?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«ዘይት ቆሞም ያረጃል» አለኝ።

ነዳጇም ሁልጊዜ እስከ አፍ ሙሉ ነው። ታንክ ከጎደለ በባዶው ቦታ እርጥበት ይገባል፣ እርጥበት ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ ዝገት ነው። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ የቀን አሥር ቃሉን ረስቶ መቶ ይናገራል። ሲጨርስ ለይዲድያ ይደውልና የኪሎሜትሩን ቁጥር ያነብለታል፦ «ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።» ልጁ «እሺ ጋሽ ልዑል፣ ይባረኩ» ብሎ ይዘጋል። በዚያች ቁጥር ባሌ ይኮራባት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በግቢ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትል የጨመረችው አምስት ኪሎሜትር ብቻ ነው። እኔ «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ እሱም ይስቃል። ያኔ ቀልድ ነበር።

እናቴ እማማ በላይነሽ የምትኖረው ሺሺንዳ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከተክለጻድቅ ጋር ነበር። በመስቀል ሰሞን ጣሪያዋ ያፈስስ ነበርና ልዑልቃል ቅዳሜ መጥቼ እጠግናለሁ አላት። ቅዳሜዋ የሙሽሪት ቅዳሜ ሆነችና ቀረ። በምላስ እናቴ ከእኔ በቀር ማንንም አትመስልም፤ «ባልሽ ለሰው ዕቃ ይሞታል፤ ለራሱ ሰው ግን ጊዜ የለውም» አለችኝ። እኔ ደግሞ በባሌ መጡብኝ ብዬ ነደድኩ። የማይባል ነገር አልኳት። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ቀን በኋላ ስምንት ወር ሺሺንዳ አልረገጥኩም፤ ስልክም አልደወልኩም። ዘመድ ሊያስታርቀን ሲመጣ እሷ ትቅደም እላለሁ፤ እሷም ያንኑ ትላለች። በግትርነት ማን ማንን እንደወለደ ማወቅ አያስቸግርም።

በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተክለጻድቅ ደወለ።

«እትዬ፣ እማማ ደክማለች። ሌሊቱን ሙሉ ስምሽን ስትጠራ ነው ያደረችው። የሻረግን አምጡልኝ፣ ሳንታረቅ አልሙት ትላለች። ቶሎ ድረሺ።»

«በስልክ አገናኘኝ!»

«በስልክ የሚሰማ ድምፅ የላትም እትዬ። እጅሽን እንድትይዣት ነው የምትፈልገው።»

ነጠላዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ነዳጅ ከከተማው ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሚኒባሶቹ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ባጃጆቹ በየጥጉ ቆመዋል፤ ሞተር ሳይክል ያለው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል። ከቦንጋ ሺሺንዳ አስፋልት ነው፤ መኪና ላገኘ ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በእግር ግን ቀኑን ሙሉ ነው።

ያን ጊዜ ሙሽሪት ትዝ አለችኝ። ቀኑም የሷ ቀን ነበር። ግቢው ስደርስ ሸራዋ ተገልጦ፣ ታጥባ፣ ሞተሯ ተነስቶ ባሌ አጠገቧ ቆሞ ድምጿን ያዳምጣል።

«እማማ ልትሞት ነው» አልኩት። «ንዳልኝ።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፤ እማማን ይወዳት ነበር። ሞተሩን አጠፋና ነይ እንሂድ፣ መኪና እንፈልግ አለኝ።

«የምን ፍለጋ? ይቺ ምንድን ናት? ነዳጅዋ ሙሉ ነው፣ ሞተሯ ሞቋል።»

«የሰው ናት፣ የሻረግ።»

«የሰው መሆኗን አውቃለሁ። ደውልና አስፈቅደው።»

ስልኩን አውጥቶ አየው። መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ደርሶ መልስ መቶ ኪሎሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው» አለ። «አራት ዓመት የጠበቅኩትን፣ ዛሬ ለቤቴ ጉዳይ ስጠኝ ብዬ ምን አፍ አለኝ? ምን ይለኛል?»

«እሺ እሷን ተዋት! ነዳጁን ቅዳልኝ፤ ባጃጅ ይወስደኛል። ነዳጅ ሲመጣ ትተካለታለህ።»

ከግድግዳው የተሰቀለውን የላስቲክ ቱቦ አወረደ። የታንኩን ክዳን ከፈተ። የቱቦውን ጫፍ ወደ ታንኩ አፍ አስጠጋ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

«አልችልም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ሌላ መኪና አመጣልሻለሁ፤ እግዚአብሔርን፣ አመጣለሁ።»

ሮጦ ወጣ። ዋሸኝ አልልም፤ ያን ቀን ባሌ እንደ እብድ ነው ከተማውን የዞረው። የማያውቀውን ሰው በር አንኳኳ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ መኪና የሠራላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። የሁሉም ታንክ ደርቋል። በመጨረሻ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ሚዛን የሚያልፍ የእህል አይሱዙ አገኘ፤ ሾፌሩ ሁለታችንንም አጠገቡ አስቀመጠን። ከበላያችን ዝናብ ይወርዳል። ልዑልቃል መንገዱን ሙሉ የመኪናውን ዳሽቦርድ እንደያዘ ወደ ፊት ገፋ ገፋ ያደርግ ነበር፤ በጉልበቱ የሚያፈጥነው መስሎት ነው።

ሺሺንዳ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ከመንገዱ ገና ሳልወርድ ለቅሶውን ሰማሁት።

ተክለጻድቅ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለኝ። «እስከዚያ ድረስ ወደ በሩ አዙሩኝ እያለች በሩን በሩን ስታይ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር መጣች ትላለች።»

እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ለሞተ ሰው እንደዚያ ማለት ራስን ማታለል መሆኑን እያወቅኩ አልኳት። በማግስቱ ቀበርናት።

የለቅሶውን ሰሞን ሙሉ ይዲድያን ረገምኩት። በጸሎቴ መሃል እረግመዋለሁ፤ መሥሪያ ቤት ፋይል ስደረድር እረግመዋለሁ። ባለጠጋ ልጅ ለብረቱ ሲል እናቴን ከነቂሟ አስቀበረኝ እያልኩ፣ ልጅ እንዳይወጣለት፣ ቤቱ እንዳይሞቅለት ለመንኩ። ባሌን ግን አንድ ቀን አልወቀስኩትም። ምን ያድርግ፣ በሰው እጅ ያለ ሰው ነው፤ እንጀራው እሱ ነው እያልኩ ራሴ ጥብቅና ቆምኩለት። ሙሽሪትን ሊያይ ቅዳሜ ሲወጣ እንኳ ምንም አልተናገርኩም።

ከአርባዋ በኋላ ባለው እሑድ ከሰዓት ይዲድያ ለቅሶ ሊደርስ ከአዲስ አበባ መጣ። ጥቁር ለብሶ ቤታችን ገባ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ከባሌ ጎን ተቀመጠ። ቡና ላቅርብ ብዬ አልተነሳሁም። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኪሎሜትርህ ደህና ነው» አልኩት። «ምንም አልጨመረም። እናቴ በሩን እያየች ሞተች፣ የአንተ መኪና ግን አልተነካችም። እንኳን ደስ ያለህ።»

ልጁ አልገባውም። ወደ ባሌ ዞረ፤ ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞተሩ ሞቆ እንደነበር፣ ታንኩ ሙሉ እንደነበር፣ ቱቦው በእጁ እንደነበር። ስጨርስ ይዲድያ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሽ ልዑል» አለ፤ «ቁልፉ እርስዎ ጋ አልነበረም እንዴ? ለምን አልወሰዷቸውም?»

ይዲድያ ወደ ባሌ ጠጋ አለ።

«እኔ እኮ ኪሎሜትርና ዋጋ ያልኩት የአጎቴ ልጆች እየወሰዱ እንዳይጫወቱባት ነው። በየወሩ ቁጥሩን ሲያነቡልኝ ይገርመኝ ነበር፤ ደስ የሚልዎ ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ። እትዬ የሻረግ፣ በእናቴ ሞት! እንደዚህ ላለ ቀን ካልሆነች መኪና ምን ታደርግልኛለች? አንድ ጊዜ ብቻ ቢደውሉልኝ ኖሮ፣ ብረሩ እል ነበር።»

አለቀሰ። እኔን ለማስደሰት ብሎ እንዳልሆነ ታውቆኛል፤ የሰውን ልቅሶ ለመለየት በዚያ ሰሞን በቂ ልምድ አግኝቻለሁ። እጄን ስሞ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እሱ ምንም ሳያጠፋ ይቅርታ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ልዑልቃል ከወንበሩ አልተነሳም። ቀና ብሎ አየኝ።

«የሻረግ» አለኝ፤ «እኔ በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም።»

የተናገረው እንደ ይቅርታ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፦ እናቴን በር ሲያስጠብቃት የዋለው አደራው ሳይሆን የሱ ኩራት ነው። የምረግመው ሰው ነበረኝ፤ አርባ ቀን ሙሉ እሱን እየረገምኩ፣ በሱ ላይ ተደግፌ ነው የቆምኩት። ልጁ ንጹሕ ሆኖ በበሩ ወጣ፤ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ባሌ ነን።