ከመርፌ ቤቱ ደጅ

አክስቴ ወይዘሮ ወለተሐና የአንኮበር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው አርባ አንድ ነው። ባለቤታቸው ቄስ ገብረአማኑኤል ደብሩን ያገለግላሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ጣቶቻቸው ጠዋት አብጠው ስለሚገተሩ እንዝርት የሚጨብጡት ከቀትር በኋላ ነው። ሐኪሞች የመገጣጠሚያ ቁርጥማት መሆኑን ነግረው የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧቸው። መድኃኒቱ ቢያስታግስም ጣቶቻቸውን ስላልፈታላቸው፣ ደብረ ብርሃን የሚገኝ በቀጫጭን መርፌ የሚያክም አንድ ክሊኒክ መዘገባቸው። በየማክሰኞው፣ ዐሥር ቀጠሮ።

ክሊኒኩ ጥብቅ ደንብ አለው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ በመሆኑ ሦስት ጊዜ የቀረ ታካሚ ይሰረዛል። አክስቴ አራት ጊዜ ከታከሙና ጣቶቻቸው መፍታታት ከጀመሩ በኋላ ሁለት ማክሰኞ በተከታታይ ቀሩ። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ደውዬ "ለቅሶ ገጥሟቸው ነው" ያልሁት፣ በዚያው ከተማ የምማረው እኔ ነኝ። እንዲህ በይ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ስለ በሽታው በቤተ መጻሕፍት ሳነብ ስለ ወር አበባ የሚያወሳ ገጽ አጋጥሞኝ ነበር፤ ታላቅ ሴትን ይህን መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዘለልሁት።

ሰኞ ዕለት ነርሷ ሲስተር ፍቅርተማርያም ራሷ ደወለችልኝ።

"አንኮበር ውስጥ ሰው ተርፏል? ነገስ ማን ሊሞት ነው?"

"ማንም" አልኋት።

"እንግዲያው ካልመጡ እሰርዛቸዋለሁ። ሰለቸኝ።"

ይህንኑ ለአክስቴ ደውዬ ስነግራቸው ተቆጡ። "መርፌውን መች ጠላሁት? አልችልም ያለችን ሴት ለምን ታደርቋታላችሁ?"

በማግስቱ ግን በጠዋቱ ሚኒባስ መጡ። ከክሊኒኩ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

"ግቢና እዚህ መሆኔን ንገሪያቸው። ቀረች እንዳይሉ።"

"እርስዎስ አይገቡም?"

"አልገባም አልሁሽ።"

ገብቼ ነገርኋት። ሲስተር ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች።

"ምነው እናቴ፣ አልጋው እኮ ወደ ውጭ አይወጣም።"

"ለመግባት የሚሆን ሰውነት የለኝም። በዚህ ጊዜ ጸበልም አይኬድ።"

ነርሷ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ወደ መሬት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ይህ ክሊኒክ እንጂ ጸበል አይደለም። ደሙ ከመጣ ስንት ቀን ሆነዎት?"

"ቀን ትያለሽ? ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መምጫውም መሄጃውም አይታወቅ።"

"ለቁርጥማቱ ሐኪም ነግረዋል?"

"እርሱ የሚጠይቀኝ ጣቴንና ጉልበቴን ነው። ስለ ጉልበት ሲጠይቀኝ ማህፀኔን ላውራለት? ደከመኝ ስለው ከቁርጥማቱ ነው ይለኛል።"

ሲስተር እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የመርፌው ባለሙያ ዶክተር ወልደተንሣኤ በዚያ ቀን አልወጓቸውም፤ ደማቸውን አስመረመሩ። ደማቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ሄድን። የሴቶች ክፍል የቁርጥማቱን መድኃኒት ዝርዝር አምጡ አለን። የቁርጥማቱ ክፍል ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም አለ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ስድሳ እርምጃ ቢኖር ነው፤ ወረቀት ይዤ አራት ጊዜ ተመላለስሁበት። አክስቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው "ጉልበቴ አንድ ሰው፣ ማህፀኔ ሌላ ሰው መሰላቸው?" ይሉ ነበር። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሡ፤ ማህፀናቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሟ ድካማቸው ከቁርጥማቱ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን ከሚፈሳቸው ደም የመጣ መሆኑን ገልጻ ሕክምና ጀመረችላቸው። መርፌው የጣታቸውን ሕመም ሊያስታግስ ቢችልም ይህን እንደማያድን ነገረቻቸው።

የምርመራውን ውጤት ይዘን ወደ ክሊኒኩ ተመለስን። ስማቸው አልተሰረዘም፤ ቀሪው ስድስት ቀጠሮ ደማቸው እስኪያገግም እንዲቆይ ተወሰነ።

"ከእንግዲህ ቢፈስዎትም ይምጡ፤ አንሶላ አለኝ" አለች ሲስተር።

"አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቁኝ ምን ነበር?"

"እርስዎስ ሰው ከሚቀብሩብን ቢነግሩን?"

የአክስቴ ከንፈር ፈገግ ሊል ሲል አየሁት።

ሲስተር የሁለቱን ማክሰኞዎች የመቅረት ምክንያት እንድሞላ ካርዱን ሰጠችኝ። እስክሪብቶ ሳነሣ አክስቴ በትከሻዬ በኩል አጎነበሱ።

"ለቅሶ ብለሽ እንዳትጽፊ። የነበረውን ጻፊ።"

ጻፍሁ።