ማርያማዊት ያልረሳችው ፈተና

ሉማሜ ላይ ሱሪ ያሳጠረ፣ ቀሚስ ያስጠበበ ሁሉ ጋሼ እንዳላማውን ያውቃቸዋል። የስፌት መኪናቸው የምትቀመጠው ከእኔ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ጠባያቸውን ከሟች ሚስታቸው ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ደግ ናቸው። ግን ግትር ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ።

በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ የቄስ ትምህርት ተምረዋል። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል፤ ሱሪ እየዘመዘሙ ሲደግሙት እንኳ አንዲት ቃል አትሾልካቸውም። ቅኔ ቤት ሊገቡ ሲሉ አባታቸው ሞቱና ታናናሾቻቸውን ሊያሳድጉ ወጥተው መርፌ ያዙ። የቀረባቸውን ቅኔ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ትምህርት ማለት ቃል መያዝ ነው፤ ተማሪ የሚወድቀውም ስለሚረሳ ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ማርያማዊት። እናቷ ምጥ ላይ ሆና ሆስፒታል ሳትደርስ እሷን መንገድ ላይ ወልዳ ነው የሞተችው፤ ልጅቱ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ከማለት ሌላ አታውቅም። ችግሩ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ከተከፈተበት ይልቅ የተዘጋበት ጊዜ በለጠ። ፈተናው ግን አይጠብቅም። ግማሽ ያላመጣ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ ሕክምና ደግሞ ከዚያም እጅግ የበለጠ ይፈልጋል።

ሒሳብ ያስተምራት የነበረው መምህር አንተነህ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ተማሪ እየሰበሰበ ያስጠና ነበር። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ሻይ ቤቴ መጥቶ ጋሼ እንዳላማውን ለመናቸው። አክስቷ እዚያው ናት፣ ላኩልኝ፣ ልጅቱ ጭንቅላት አላት፣ የጎደላት ጥያቄውን ራሷ መሥራቱ ነው አላቸው። እሳቸው ግን የዱሮ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው ፎቶ ኮፒ አስደርገው፣ በራሳቸው እጅ ሰፍተው ጠርዘው ጨርሰዋል። ጥያቄው ከዚያ ነው የሚመጣው ብሎ ያልማለላቸው ሰው አልነበረም። መንገዱስ ነገ ቢዘጋ፣ ልጄ ከዓይኔ አትርቅም አሉ። ፍርሃታቸው ገብቶኛል። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ማርያማዊት ጓዳ ድረስ ተከተለችኝ። "እታለም፣ አንቺ ንገሪልኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም" አለችኝ።

ወጣሁና ነገርኳቸው። የአንዱን ሱሪ በሌላው ልክ ይሰፋሉ እንዴ ጋሼ፣ አልኳቸው።

"አንቺ ሂጂና ሻይሽን አፍዪ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በረንዳዬ የቄስ ትምህርት ቤት ሆነ። በየማለዳው ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን፣ ከነመልሱ ፊደል እየደጋገመች ታነባለች፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ በቃሏ ትወጣለች፣ በዜማ። ጋሼ እንዳላማው እንግሊዝኛ አያውቁም። ስትደናቀፍ ግን ጆሯቸው ይይዛታልና ከመጀመሪያው ያስጀምሯታል። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ሻያቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፣ እኔም ስቄአለሁ። ፈተናው እየቀረበ ልጅቱ እየከሳች ስትመጣ ሳቄ ጠፋ።

ደብረ ማርቆስ ገብታ ተፈትና ስትመለስ አባቷ ያጠናነው መጣ ወይ አሏት። መጣ አለች። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አመሰገኑ፤ ፊቷን አላዩትም።

ውጤቱን ያየነው በእኔ ስልክ ነው። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ አቆይቶን ውጤቱ ወጣ። ግማሽ አልሞላም፤ ለሪሜዲያል፣ ለማካካሻው ትምህርት እንኳ አልበቃም።

"ረሳሽው፣ ልጄ?" አሏት።

"አንዲት አልረሳሁም፣ አባ። ከድልድይ ላይ የተለቀቀው ድንጋይ የሚለው የፊዚክስ ጥያቄ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ሳይ ደስ ብሎኝ መልሱን አጠቆርኩ። ከፈተና ወጥተን ልጆቹ ሲያወሩ ነው የሰማሁት፤ የዘንድሮው ድንጋይ ወደ ላይ የተወረወረ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የመጣው፣ የማውቀው እየመሰለ።"

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ዓይኗን ጨፍና ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምራ በዜማ ትወጣው ጀመር። በረንዳው ላይ የሚስቅ አልነበረም። እኔ አለቀስኩ። አባቷ እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ቀስረው እስከ መጨረሻው አደመጡ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

ስትጨርስ መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ ይሳቅበታል። የራስህን አምጣ ነው የሚሉት" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ እዚያ ሳልደርስ ነው የወጣሁ። እሷንም እዚያው በሩ ላይ አቆምኳት።"

ለመምህር አንተነህ ደውዪልኝ ብለው ሲለምኑኝ ድምፃቸው የእሳቸው አልመሰለኝም። ደወልኩ። አሁንም ትምጣ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንደርሳለን አለ። በማግስቱ ማርያማዊት ልብሷን ሸክፋ አውቶቡስ ልትጠብቅ በረንዳዬ ላይ መጣች፤ የተጠረዘውን ወረቀት ጥላው ነው የወጣችው።

መንገዱ ግን ያን ዕለት ጠዋት ተዘግቶ ነበር። እስካሁን አልተከፈተም። በየማለዳው ሻንጣዋን ይዛ በረንዳዬ ላይ ትቀመጣለች፤ ጋሼ እንዳላማውም የስፌት መኪናቸውን ትተው ከአጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ወደ ማርቆስ የሚሄድ ነገር ካለ ብለው።