ትርንጎ ልጆቹን ጸሎት ቤት የወሰደች ዕለት

ሰዎች ስለ ትርንጎ ሲያወሩ ስሰማ ያቅለሸልሸኛል። «ጎበዝ መምህርት ነበረች፤ ችግሯ ሰው አለመስማቷ ነው» ይላሉ። ማንን ትስማ? እነሱን? በ1973 ዓ.ም ከእብናት ወረድ ብላ በነበረችው ትንሽ ትምህርት ቤት ዙሪያ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሊሰማ የሚገባው አንድም ጎልማሳ አልነበረም።

ትርንጎ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ። በእረፍት ሰዓት ከሹራቧ ኪስ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች፣ ስትስቅ ደግሞ ሦስት ክፍል ድረስ ትሰማለች። አራተኛ ክፍልን የምታስተምረው እሷ ነበረች፤ እኔ ሦስተኛን።

ክፍሏ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ ውዴ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር የምትመጣ፣ የሸክላ ሠሪዋ የዘነበች ልጅ። ከመንደሩ እስከ አራተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ አምስት ስድስት ሆነው ሲፋተጉ ውዴ ብቻዋን ትቀመጣለች። እናቶቻቸው ከቡዳ ይጠብቃችሁ ብለው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አንገታቸው ላይ አስረው ይልኳቸዋል፤ ክፍሉ ከመሽተቱ የተነሣ ገብቶ መቆም ይከብድ ነበር። እነዚያው እናቶች ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የዘነበችን ድስት እያንኳኩ መርጠው ይገዛሉ። ወጡ ከድስቷ ሲወጣ ቡዳ የለበትም፤ ልጇ አጠገብ መቀመጥ ግን ያስበላል። ይህን ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል።

አንድ ሰኞ ውዴ ትርንጎን ከክፍል በኋላ ጠብቃ «ቲቸር፣ ከእንግዲህ አልመጣም» አለቻት። ትርንጎ በማግስቱ ልጆቹን ሰብስባ «ውዴን የምትሸሿት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም በአንድ አፍ መለሱ። የፈላሾች ጸሎት ቤት ውስጥ ጅብ ታስሯል፤ ቀን ይቀልቡታል፣ ሲመሽ ይጋልቡታል።

«በጄ» አለች ትርንጎ። «እንግዲያው ሄደን ጅቡን እናየዋለን።»

ከውዴ መንደር ቄስ፣ ከቄስ ማሩ ጋር ተነጋግራ ቀን ቆረጠች። ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ አብሬ እንድሄድ ለመነችኝና ሄድኩ። ቄስ ማሩ ነጭ ጥምጥም አድርገው ወንዙ ዳር ጠበቁን።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ ልጆቼ» አሉ። «ነገር ግን እንዲህ እንዳላችሁ አትገቡም። መጀመሪያ ውኃ ግቡ።»

ዓለሚቱ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የፈንታሁን ልጅ፣ ተቆጣች። «ለምን? እኛ ንጹሕ ነን!»

«ለቤታችሁ ንጹሐን ናችሁ። የኛ ሥርዓት ግን ከውጭ የመጣ ሳይታጠብ አይገባም ይላል። ውዴም ብትሆን ከናንተ ዘንድ ስትመለስ በየቀኑ እዚህ ታጥባ ነው እምትገባ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚያስጠላው ሌላ ሰው መስሏቸው የኖሩ ልጆች፣ እነሱም ለሌላው እንደዚያው መሆናቸውን ሲሰሙ አፋቸው ተከፈተ። ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ሴቶቹ ከትርንጎና ልትቀበለን ከወረደችው ከዘነበች ጋር ወደ ላይ፣ ወንዶቹ ከእኔና ከቄሱ ጋር ወደ ታች ሆነው ገቡ። ፀሐይ ነበረ፤ የሚያወጣቸው ጠፋ።

ጸሎት ቤቱን እነሱ መስጊድ ይሉታል፤ ከእስላሞቹ ጋር ግን አይገናኝም። ክብ የሣር ቤት ነው። ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ ነጋሪት አለ፣ በኢየሩሳሌም አቅጣጫ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና ኦሪት ተቀምጧል። ጅብ የለም። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሰሌኑን ገልጦ ሁሉ አየ። ቄስ ማሩ ኦሪቱን ገለጥ አድርገው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው ሲጀምሩ ዓለሚቱ ወደ ውዴ ጠጋ ብላ «በግእዝ ነው እንዴ? እንደኛ?» አለቻት። ውዴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ ዓለሚቱ ደብተሯን ይዛ ውዴ ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎች ሁለትም ተከተሏት። ውዴም እተዋለሁ ማለቷን ተወች።

ይህ አራት ቀን ቆየ።

ዓለሚቱ ቤቷ ገብታ «ቄሱ ውኃ ውስጥ አስገቡን» ብላ ኖሯል። በእኛ አገር ቄስና ውኃ አንድ ላይ ከተነሡ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። «ልጆቻችንን ፈላሻ አጠመቀብን!» ተባለ። ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚደገም ጸሎት አለ፤ ቄደር ይባላል። ወላጆች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ቄደር ይደገምላቸው ብለው የደብሩ ካህን አባ ጌጡ ዘንድ ሄዱ።

«ቄሱ ውኃው ላይ ምን አሉባችሁ?» ብለው አባ ጌጡ ልጆቹን ጠየቁ።

«‹ቶሎ ውጡ፣ ይበርዳችኋል› አሉን።»

አባ ጌጡ ሳቁ። «በዚህማ ማንም አይጠመቅም። በሉ ወደየቤታችሁ» አሉ። ወላጆቹ ግን ሲያለቅሱ ሲነዘንዟቸው ሰለቻቸውና፣ ምንም እንዳልተደረገ እያወቁ፣ ቄደሩን ደግመው ልጆቹን ውኃ ረጯቸው። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከማያውቀው ይልቅ ያስጠላኛል።

ሊቀመንበሩ ፈንታሁን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በየሳምንቱ በውይይት ክበብ «ሃይማኖት የፊውዳሎች መሣሪያ ነው» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚሰብከን እሱ ነው። ልጆቹ በተረጩበት ዕለት ማለዳ ሚስቱ ዓለሚቱን በጓሮ በኩል ወስዳ ቄደር አስደገመችላት። ከሰዓት በኋላ እሱ ስብሰባ ጠርቶ ትርንጎን «በትምህርት ቤት ውስጥ የሃይማኖት ፕሮፓጋንዳ አካሂደሻል» ብሎ ከሰሳት። የልጁ ፀጉር እኮ ገና አልደረቀም!

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ይርጋ፣ አብረህ ነበርክ። ልጆቹ ውኃ ውስጥ ገብተዋል ወይስ አልገቡም?»

ትርንጎ አየችኝ። ገላቸውን ከመታጠብ በቀር ምንም እንዳልሆነ ከእሷ ሌላ ያየ መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ገብተዋል» አልኩ። ሌላ አልተጠየቅኩም፤ ሌላም አልተናገርኩም።

ፈንታሁን ጉሮሮውን ጠረገና የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ። ትርንጎ ተሳስቻለሁ ብላ ታምን፤ ልጅቷም ለወላጆች እፎይታ ሲባል በሩ ሥር ለብቻዋ ትቀመጥ። ከዚያ ጉዳዩ ይዘጋል።

«ውዴን ለብቻዋ አላስቀምጥም» አለች ትርንጎ። «እንዲያ ከሆነ እኔን አንሡኝ።»

አነሧት። በሳምንቱ ወደ ገሳይ አካባቢ ተዛወረች። ልትሄድ ስትል ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አላነሣችብኝም፤ ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። «ክፍሉን የምትይዘው አንተ ነህ አሉ። ውዴ አራተኛን ትጨርስ። ሌላ የምለምንህ የለኝም» አለችኝ።

«በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት።

ሰኞ ዕለት ውዴን በሩ ሥር አስቀመጥኳት። ዓለሚቱ ወደ ድሮ ዴስኳ ተመለሰች፤ ሽንኩርቱም አንገቷ ላይ ተመለሰ። ውዴ ሦስት ቀን መጣች። ጥያቄ ስጠይቅ እጇን ታወጣ ነበር፤ ወላጆች ያዩኛል ብዬ ሌላውን እጠራ ነበር። በአራተኛው ቀን አልመጣችም። መንደሯ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም።

ሰኔ ላይ ርእሰ መምህሩ የክፍሉን መዝገብ እንድሞላ ሰጡኝ። ያቋረጡ ተማሪዎች ስም ፊት ለፊት «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። በውዴ ስም ትይዩ «በራሷ ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ። ርእሰ መምህሩ መዝገቡን አገላብጠው አዩና የእጅ ጽሑፌን አደነቁልኝ።