የቀኙ በር እስፒከርና ከጎጃም የመጡት አባት

ያኔ ኮኪት ነበር የምኖረው። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ፤ ለሰሊጥ እርሻዎቹ ነዳጅ፣ ውኃ፣ ጆንያና ሠራተኛ አመላልስባታለሁ። ሞተሯ ደህና ነበር። የሚያስቸግረኝ የቀኝ በሯ እስፒከር ነው። አንዳንድ ቀን ከሸኸዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ሲዘፍን ይውላል፤ ሌላ ቀን በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ድምፁ ጥፍት ይላል። ጉድጓድ ስንገባ ይመለስና ስንወጣ መልሶ ይሄዳል። የግራው እስፒከር ቀደም ብሎ ተቀዶ ስለነበር ቀኙ ከጠፋ ቴፑ ዲዳ ነው። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ገበያ ሌላ እስፒከር ገዝቼ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። መተማ ዮሐንስ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ቴፑን ፈታትቶ አየልኝና «ይኼማ ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ጋቢና የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ «እስቲ በሩን በክርንህ መታ አድርገው» ማለት ለመድኩ።

በአጨዳው ወቅት ከጎጃም ከመጡት ሳሉጎች አንዱ በወባ ሞተ። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ይህን ልጅ አውቀው ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር እኔው ራሴ ነኝ ወደ እርሻው ያደረስኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቁን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። ኮኪት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ለአባቱ ግን እንደ ወጉ «ልጅዎ ታሟልና ይምጡ» ተብሎ ተላከባቸው።

ሰውየው የሚገቡበት ቀን ጠዋት፣ ኮኪት ያሉትን የጎጃም ሰዎች የሚያሰባስቡት ሽማግሌ ቤቴ መጡ።

«ሸኸዲ ሂድና ከአውቶቡስ ተቀበለው» አሉኝ። «ግን ጀንበር ሳትጠልቅ እንዳታመጣብን። ልጆቹ ማሳ ናቸው። እነሱ ሳይሰበሰቡ ከገባና አንዷ ሴት አይታው ብታለቅስ ነገሩ ይፈሳል። እህል ይቅመስ፣ ይረፍ፤ ጎህ ሲቀድ እኛ እንነግረዋለን።»

«መንገድ ላይ ቢጠይቁኝስ?»

«‹እኔ ሹፌር ነኝ፣ አላውቅም› በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

ሸኸዲ መናኸሪያ ሳያቸው ወዲያው አወቅኋቸው። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጋቢ ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከረጢት በትከሻቸው አንጠልጥለው ከሚወርደው ሰው ሁሉ ፊት ልጃቸውን የሚፈልጉ ይመስል ዓይናቸው ይንከራተታል። ኮኪት ላደርሳቸው እንደተላክሁ ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እስክንሳፈርም አልለቀቁኝም።

ጋቢና ገቡ። ከከተማው እንደወጣን ጠየቁኝ።

«ልጄን ታውቀዋለህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንዴት ነው?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። መንገዱን ትቼ ማየት አልነበረብኝም። ከንፈራቸው ደርቋል፤ መልሴን በዓይናቸው ነው የሚጠብቁት። «አላውቅም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ያን ፊት ግን መቋቋም አቃተኝ።

«ተሽሎታል» አልኩ።

«ተመስገን!» አሉና ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ተመስገን፤ ተመስገን።» ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተነሥተው ወደ ኋላ ተደገፉ። እኔም ለጊዜው ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ጥቂት እንደሄድን ግን ያልኩትን መመለስ እንደማይቻል ገባኝ።

ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነች፤ ኮኪት ደግሞ ቅርብ ነው። ቀስ ብዬ ብነዳ «መኪናህም ታማለች እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሌላ ጥያቄ እንዳይጠይቁኝ ቴፑን ከፈትኩ። ዘፈኑ ጀመረና ጠፋ።

«ምነው ዝም አለ?»

«በሩን በክርንዎ መታ ያድርጉት፣ አባቴ።»

መቱት፤ ዘፈነ። ጎርበጥ ስንል መልሶ ጠፋ። እንደገና መቱት። እንደ ልጅ ደስ አላቸው። «ይኼ ሰነፍ በሬ ነው፤ ካልነኩት አይሄድም» አሉ። ያኔ ነው መዘግየት የምችልበት ሰበብ የታየኝ።

«ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። እርስዎ ካልቸኮሉ ጥላ ፈልጌ ላየው ነበር።»

«ከተሻለውማ ምን ያስቸኩለኛል?» አሉ።

ከመንገዱ ወጣ ብዬ አንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆምኩ። ካቻቢቴና ፒንሳ አወጣሁ። የበሩን የውስጥ ሽፋን ስፈታ እሳቸው ብሎኖቹን በመዳፋቸው ይቀበሉኛል። እስፒከሩ ተጋለጠ። መጀመሪያ እሱ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ፈለግሁ፤ ከሽቦው ነጥዬ የባትሪ ድንጋይ ላስነካው አሰብኩና በመኪናው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

«ድንጋይ እኔ ዘንድ አለ» አሉ አባት። ከከረጢታቸው የእጅ ባትሪ አውጥተው ድንጋዮቹን ሰጡኝ። «ሌሊት ሌሊት ላየው ብዬ ነው የያዝኩት። በሽተኛ ሌሊት ነው የሚብስበት። አሁንማ ለሱ ራዲዮ ይሆናል። ራዲዮ ይወዳል፤ ድንጋይ ሲያልቅበት ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነው የሚያስነሣው። ‹አባ፣ ዛሬስ ነፍስ ዘርቷል› ይለኛል።»

ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ድንጋዩን ከእስፒከሩ ጋር አነካካሁት፤ ጧ አለ። እስፒከሩ ደህና ነው። ቀጥዬ እስፒከሩን ከሽቦው ጋር መልሼ አያያዝኩት፤ ገመዱን ከቴፑ ጀርባ ነቀልኩና ድንጋዩን በዚያ በኩል ማስነካት ጀመርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸውን ወደ እስፒከሩ አስጠጉ። ምንም የለም። በሩን ቀስ እያደረጉ እንዲዘጉና እንዲከፍቱ ነገርኳቸው።

«አሁን ጧ አለ» ይላሉ። ትንሽ ገፋ ያደርጉትና «አሁን የለም።» መለስ ያደርጉታል፤ «ይኸው መጣ።»

ሽቦው የሚበጠሰው በሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነበር ማለት ነው። በማጠፊያው በኩል፣ ከበሩ ወደ መኪናው አካል ገመዶቹ የሚያልፉበት የጎማ እጅጌ አለ። እሱን ከቦታው ጎትቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። አንደኛው ላይ ልስልስ ያለ ቦታ አገኘሁ። ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ነው፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሮ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ጫፎቹ ሲገናኙ ይዘፍናል፣ ሲለያዩ ይጠፋል። ያን ሁሉ ጊዜ እስፒከር የቀየርኩት፣ ቴፕ ያስፈታሁት በከንቱ ነበር።

ከቀጠልኩት ደግሞ እንዳያጥርና እንዳይወጠር ሌላ ቁራጭ ሽቦ ያስፈልጋል። ከወንበር ሥር ስፈልግ አባት ከረጢታቸውን ፈትተው፣ በሶ አውጥተው በቅል በጥብጠው ጠበቁኝ። ውስጡ ማር አለበት።

«ለሱ ነው ያመጣሁት፤ እናቱ ናት ያሰናዳችው። በሽተኛን ይጠግናል ብላ። ከተሻለው ግን አንተም ቅመስ፤ ለሱ ይተርፋል።»

«ጠግቤያለሁ፣ አባቴ።»

«ኧረ ተው። ስትለፋ ውለህ?»

ቅሉን አፌ ድረስ አስጠጉልኝ። ጠጣሁ። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የጠጣሁት የሟቹን ስንቅ ነው፤ እናቱ ለእሱ ያሰናዳችውን። እሳቸው ደግሞ አፌን እያዩ «ማሩ አይጣፍጥም? የራሳችን ቀፎ ነው» ይሉኛል። ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ጥላው ሥር እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ብነግራቸው ማን ይዟቸው ያለቅሳል? የአገራቸው ሰው የለ፣ ዘመድ የለ። ይህን ምክንያት አድርጌ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዝም ያሰኘኝ ፍርሃት ነው፤ «ታዲያ ተሽሎታል ያልኸኝ ምን ልትሆን ነው?» እንዳይሉኝ።

ሽቦውን ልጬ፣ ቁራጩን ቀጥዬ፣ ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። የጎማውን እጅጌ መልሼ አለበስኩና ቴፑን ከፈትኩ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። አባት በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው በኃይል ዘጉት፤ አልጠፋም። ያን ጊዜ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ሳቁ። ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑት፤ ልክ እንደ ልጁ።

ሽፋኑን መልሼ ስገጥም ጀንበሯ አዘቅዝቃ ነበር። ተነሣን። ኮኪት መግቢያ ላይ ስንደርስ ቴፑን ዘጋሁት።

«ለምን አጠፋኸው?» አሉኝ። «እንዲያ የደከምንበትን? ተወው ይዝፈን፤ ልጄ ሰምቶን ይውጣ።»

ምን ልበል? ከፈትኩት። እሳቸው ራሳቸው ማጉሊያውን የቱ ነው ብለው ጠይቀው ከፍ አደረጉት። በዚያ ዘፈን፣ መስኮቱ ወርዶ፣ ክርናቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ የአገራቸው ሰዎች ተሰብስበው ወደሚጠብቁበት ግቢ ገባን። ልጆቹ ከማሳ ተመልሰው አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌው እየተራመዱ መጥተው በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሰድደው ቴፑን ራሳቸው አጠፉት።

አባት «ልጄ የት አለ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ጤና ጣቢያ ነው ያለው፤ አሁን አያስገቡም። ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» አሏቸው ሽማግሌው፤ እጃቸውንም ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ተመልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ምን ነገርኸው?»

«ተሽሎታል አልኳቸው።»

አባት ወደገቡበት በር ዞረው አዩ። ከዚያ «ሐዘንተኛ አምጣ ብንልህ ሙሽራ አድርገህ አመጣኸው» አሉኝና ሄዱ።

ጎህ ሲቀድ ከሰዎቹ ጋር ሄድኩ፤ መቅረት ግን ፈልጌ ነበር። እነዚያ ሰዎች በሩ ላይ ተደርድረው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲገቡ ሰውየው ገና ሳይነግሯቸው ገባቸው።  ጩኸታቸው ወጣ። ደረታቸውን እየመቱ እንደ ሙሾ የደጋገሙት ቃል የእኔ ነበር።

«ተሽሎታል ብሎኝ! ተሽሎታል ብሎኝ ልጄን!»

አብሯቸው የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ ዞሮ ይህን ያለው ማን እንደሆነ ፈለገ። ከኋላ ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ።

አባት ሰልስቱ እስኪወጣ እዚያው ቆዩ። ሲመለሱ ሽማግሌው ሸኸዲ ድረስ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። መኪናዋን አቅርቤ የጋቢናውን በር ከፍቼ ቆምኩ። አባት አላዩኝም። ዱላቸውን ተደግፈው በኋላ በኩል ሄዱ፤ ሁለት ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሳሉጎች እጃቸውን ይዘው ጭነቱ ላይ አወጧቸው። በፀሐዩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ባዶውን ጋቢና ይዤ እስከ ሸኸዲ ነዳሁ። በየጉድጓዱ ቀስ እላለሁ፤ ላደርግላቸው የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ የልጃቸውን ጓዝ፣ አንድ ብርድ ልብስና ትንሽ ራዲዮ የተቋጠረበትን ጨርቅ፣ ተቀብዬ ከአውቶቡሱ በር አደረስኩ። ስሰጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

«ያን ቃል ከማን ሰምተህ ነው?»

«ከማንም አልሰማሁም፣ አባቴ።»

«ከራስህ ነው?»

«ከራሴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ቋጠሮውን ደረታቸው ላይ አስተካክለው ያዙት።

«እናቱ ትጠይቀኛለች» አሉ። «‹እሱ አፈር ለብሶ ሳለ አንተ ምን ስትሠራ ዋልክ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

 ሳሉጎቹ ደግፈው አውቶቡሱ ውስጥ አስገቧቸው።

በዓመቱ የዚያ አገር ልጆች ለአጨዳ ሲመጡ ሸኸዲ ላይ የጫንኳቸው እኔ ነበርኩ። ስለ ሰውየው ጠየቅኋቸው። «ደህና ናቸው፤ አርሰዋል፣ ዘርተዋል» አሉኝ። ለእኔ ያሉት ነገር እንዳለ ለማወቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መጠየቁን ግን አልደፈርኩም። ጓዛቸውን ጭኜ ጉዞ ጀመርን።