የኋላ ወንበር ሠልጣኞች

መንዳት ማስተማር የጀመርኩ ቀን እግሬ አላርፍ አለኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት አይሱዙ ነድቻለሁ፤ ከሐረር ድሬዳዋ ያለውን ቁልቁለት ኩርባ በኩርባ አውቀዋለሁ። መሪ በሌለበት በቀኝ ወንበር መቀመጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሠልጣኙ ፍሪሲዮን በለቀቀ ቁጥር ወንበሬ ላይ እፈናጠራለሁ፤ ባጃጅ በተጠጋን ቁጥር በአሠልጣኙ በኩል ያለውን ፍሬን እረግጣለሁ።

የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ ግርማ ከኋላ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ስንመለስ ሠልጣኙን አሰናበቱና፣ "መንዳቱንስ ታውቅበታለህ። አሁን ደግሞ አለመንዳት ተማር" አሉኝ። "እግርህ ሥር ያለችው ፍሬን ለሰው ነፍስ የተቀመጠች ናት። ለድንጋጤህ አይደለችም።"

ከዚያ ቀን በኋላ ለጊዜው ረዳት አሠልጣኝ አደረጉኝ። መኪናዋን አጥባለሁ፣ ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚለውን ምልክት አስራለሁ፣ መለማመጃ ሜዳው ላይ ጎማ እደረድራለሁ። በኋላ የተግባር አሠልጣኝ ሆንኩ። መኪናዋ በሁለቱም በኩል ፍሬን ያላት አሮጌ ቶዮታ ነበረች። ትምህርቱ ተራ አለው፦ ወንበር ማስተካከል፣ ቀበቶ፣ ስፖኪዮ፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ማርሽ፤ ከዚያ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት፤ በመጨረሻ ከተማ።

ዕድሜው የገፋ ሠልጣኝ ላብ እስኪያጠምቀው ይፈራል። የሚፈራን ሰው ማስተማር አይከብድም፤ ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ገና አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ማርሹ ቶሎ ይገባዋል፤ ዳገቱንም እየሳቀ ይወጣዋል። የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ሳሚርን ያመጡልኝ አባቱ ሐጂ ዩስፍ ናቸው፤ ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አስተማሪን ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚሉት። እጄን ይዘው፣ "ኡስታዝ፣ ወንድ ልጄ እሱ ብቻ ነው። ቶሎ ካልጨረስኩ ብሎ ይነዘንዝሃል፤ አትስማው። የአላህ አደራ" አሉኝ።

ሳሚር ግን የሚነዘንዝ ልጅ አልነበረም። ይሰማል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳልነግረው ፍጥነት ይቀንሳል። ከሠልጣኞቼ ሁሉ የማልሰጋው ለእሱ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በጀጎል ፈላና በር በኩል ስናልፍ ጓደኞቹ መንገድ ዳር ቆመው አዩት። "ሳሚር! አቦ አሳየን እስቲ!" ብለው ጮኹ። እንዳልሰማ ሆኖ ፈገግ አለ፤ እግሩ ግን ቤንዚኑን ረገጠው። ከፊታችን አንዲት ባላገር አገዳ የጫነች አህያ እየነዳች መንገዱን ታቋርጥ ነበር። በእኔ በኩል ያለውን ፍሬን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። መኪናዋ ተንሸራታ ስትቆም ኮፈኑ አገዳውን ነካው። ሴትዮዋ አህያዋን ጎትታ አሻገረችና ዞራ እንኳ ሳታየን ሄደች።

ዳር አስያዝኩትና ሞተሩን አስጠፋሁት።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ" አለ። "ሲጠሩኝ እግሬ ራሱ ሄደ።"

ልጁ አልዋሸኝም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ከእኔ ጋር የሚነዳው ሳሚርና በጓደኞቹ ፊት የሚነዳው ሳሚር ሁለት ሰው ናቸው። እስከዚያ ያሠለጠንኩት አንዱን ብቻ ነው።

አቶ ግርማ ዘንድ ሄጄ፣ የወጣቶቹ ጓደኞች ከኋላ ተቀምጠው ልምምድ እናድርግ አልኳቸው።

"መኪናዬን ታክሲ ልታደርጋት ነው?" አሉ። "አንዱ ልጅ ቢቧጨር ማሠልጠኛው ይዘጋል። ኢንሹራንሱ ስንት ሰው እንደሚፈቅድ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ግን መንጃ ፈቃዱን በያዘ ማግስት ማንን ጭኖ ነው የሚነዳው? እኔን ነው?"

የኢንሹራንሱን ወረቀት አውጥተው አነበቡ። በኋላ፣ ከሜዳው አጥር እንዳትወጡ፣ ቀበቶ ያላሰረ እንዳይሳፈር፣ ወላጅም በአካል መጥቶ ይፍቀድ ብለው ተስማሙ።

የሳሚርን ሁለት ጓደኞች ጠራኋቸው። ሦስተኛዋ ነጃት ናት፤ የሳሚር አጎት ልጅ፣ እሷም ለመንጃ ፈቃድ የተመዘገበች። መጀመሪያ እንደልባችሁ ረብሹት አልኳቸው። ጮኹ፣ ዘፈን ከፈቱ፣ ትከሻውን መቱት። ሳሚር ሳይዞር መንዳት እስኪችል ድረስ ደጋገምነው።

ከዚያ ሥራውን ገለበጥኩት። ሳሚር ሆን ብሎ ያፈጥናል፤ ከኋላ ያሉት ያስቆሙታል። ይሄኛው ከማርሽም ከዳገትም ከበደ። ወንዶቹ ሳቁ፣ ተጎሻሸሙ፣ አንዱም አፍ አልወጣውም።

"ምን ያስቸግራል?" አልኩት አንዱን።

"ፈሪ ይሉኛላ ጋሼ።"

ነጃት ግን አልሳቀችም። በሚቀጥለው ዙር ሳሚር ሲያፈጥን፣ "ሳሚር፣ አቁም። እወርዳለሁ" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሳሚር ልምምድ መሆኑን እያወቀ ደንግጦ አቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁሉም ያስተማርኩት የእሷን አባባል ነው። ስሙን ጥሩት፤ አቁም በሉት፤ እወርዳለሁ በሉ። ስድብ የለም፤ ልመና የለም፤ ምክንያት መደርደርም የለም። ምክንያት ከደረደራችሁ ይከራከራችኋል፤ እየተከራከረም ይነዳል። ወንዶቹ አፋቸው ቃሉን እስኪለምድ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ሳሚር መንጃ ፈቃዱን አገኘ፤ ነጃትም አገኘች። ከጥቂት ወራት በኋላ የሳሚር እህት አገባችና ሐጂ ዩስፍ ለሰርጉ ጠሩኝ። በአጀቡ ላይ እሳቸው አጠገብ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከፊታችን ሳሚር የአባቱን መኪና ይነዳል፤ ነጃት ከጎኑ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ከኋላ። አቦከር ሰፈር ስንደርስ ወንዶቹ እስከ ወገባቸው በመስኮት ወጥተው ጣሪያውን መደብደብ ጀመሩ። ሳሚር ክላክሱን እያስጮኸ በግራ በኩል ወጣና ሁለት መኪና ቀደመ፤ ከፊት የሚመጣ ባጃጅ ዳር ወጥቶ አሳለፈው።

ሦስተኛውን ሊቀድም ሲወጣ ድንገት ፍጥነት ቀነሰና ዳር ይዞ ቆመ። ነጃት በሰርግ ልብሷ ወረደች። አጀቡ ሁሉ ከኋላ ተከማቸ፤ ክላክሱ ቀለጠ። አክስቷ ከሌላ መኪና ወርደው መጡ።

"ምን ነካሽ አንቺ? የሰው ሰርግ ልታበላሺ ነው?"

"ወላሂ አልገባም፤ በእግሬ እሄዳለሁ" አለች ነጃት።

ከኋላ የነበሩት ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። አንዱ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ያ "ፈሪ ይሉኛል" ያለኝ ልጅ ነው። ሌላው ተከተለው።

ሐጂ ዩስፍ ፊታቸው ጠቆረ። "ኡስታዝ፣ ይሄ ያንተ ትምህርት ነው?" አሉኝ።

"አዎ ሐጂ፣ የእኔ ነው።"

ሦስቱን ሚኒባሱ ውስጥ አጣበብናቸው። ሳሚር ብቻውን፣ ክላክስ ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

ብዙም ሳንሄድ ከአንድ ጠባብ ሰፈር ሕፃናት ሙሽራ ለማየት እየሮጡ ወጡ። ከፊት የነበረች ትንሽ ልጅ አዳልጧት መንገዱ መሐል ወደቀች። ሳሚር ፍሬን ያዘ። የመኪናው አፍንጫ ልጅቷ አጠገብ ደርሶ ቆመ። እናቷ እየጮኸች ከቤት ወጣች።

ወርጄ ወደ ሳሚር ሮጥኩ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቋል።

"ጋሼ" አለኝ፣ "እነሱ መኪናው ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ እያፈጠንኩ ስለምመጣ ቆሜ አልደርስላትም ነበር።"

"የእጅ ፍሬን ሳብ" አልኩት።

ሐጂ ዩስፍ ልጅቷን አነሷት፤ ክንዷንም እግሯንም ዳሰሱ፤ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ለእናቷ ሰጧት። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ተመለሱና በሩን ከፈቱ።

"ነጃት፣ ልጄ፣ ነይ ከወንድምሽ ጎን ተቀመጪ። ዛሬ መኪናው በአንቺ ቃል ነው የሚሄደው።"

አክስቷ ግን ያን ቀን ሙሉ አላናገሯትም።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት አሠልጣኞች አንዳንዴ ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ጎረምሳ ብቻውን አይነዳም፤ አብረውት የተሳፈሩትም ይነዱታል። እግር ፍሬን መያዝን የሚማረው በልምምድ ነው፤ አፍም "አቁም" ማለትን የሚማረው በልምምድ ነው። ሁለቱንም አሠልጥኑ።