የካርዳኑ ስምንተኛ ቡሎን

ጠርዙ ተበልቶ እንደ ጠጠር የተድቦለቦለ ቡሎን እጄ ሲገባ፣ አጠገቤ የቆመው ደንበኛ የሚለኝን አልሰማም። ልቤ ወደ መንደሬ፣ ወደ አሪቻ መንገድ ይመለሳል። በጃንሆይ ዘመን መኪና ሲያልፍ ጨዋታችንን ጥለን እየሮጥን፣ የቤንዚኑን ሽታ እንደ ሽቶ የምንስብ ልጆች ነበርን። እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ። ያን ሽታ ገና በልጅነቴ የጠላሁት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ተዘግቷል። እህቴ ታደለች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ እናታችን ቤት መጥታለች። ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን አዋላጇ እጇን ታጠበችና «ከእኔ አልፏል፤ ዲላ ሐኪም ጋ አድርሷት» አለች። አባቴ በጭቃው ይርጋጨፌ ድረስ ሮጦ ከአንድ ቡና ነጋዴ መኪና ለምኖ መጣ። ነጋዴው ሳያቅማማ ነው የሰጠው። የራሱ ሾፌር ታሞበት ስለነበር ግን ጋሽ በቀለ የሚባል መካኒክ ነዳት፤ ጣልያኖች ጋራዥ ውስጥ ሙያ የለመደ፣ የራሱን የቡሎን መፍቻ ቁልፎች በቆዳ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ የሚዞር ሰው። ያችን የእንግሊዝ መኪና ሲይዝ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

በኋላው የጎን ወንበር ላይ የእንሰት ቅጠል ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሳነጥፍ የወንበሩን ክዳን ከፍ አድርጌ አየሁ። ሥሩ ሣጥን ነው፤ በሸራ የተጠቀለሉ ቁልፎች ተኝተውበታል። ክዳኑን መልሼ በላዩ ቅጠሉን አለበስኩት። ታደለችን እዚያ ላይ አስተኟት፤ እናቴ ራሷን ታቀፈች።

ይርጋጨፌን አልፈን ወናጎ ሳንደርስ ከመኪናዋ ሆድ ሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ በቀለ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ገባና ወጣ። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅሙ ብረት፣ ካርዳኑ፣ መጋጠሚያው ተሰብሯል።

«ተስፋ አትቁረጡ» አለ። «ካርዳኑን ፈትቼ እጥለዋለሁ፤ መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትሄድ ናት፤ የፊት ጎማዎቹ ጎትተው ያደርሱናል። ስምንት ቡሎን ነው፤ አራት ከፊት፣ አራት ከኋላ።»

እውነቱን ነበር፤ ዛሬም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ችግሩ ቡሎኖቹ በኢንች የተሠሩ፣ የእሱ ቁልፎች ደግሞ በሚሊሜትር መሆናቸው ነው። አሥራ አራት ቁጥሩ አልገባም፤ አሥራ አምስቱ ገባ፣ ግን ይላወሳል።

«የመኪናዋ ዕቃ የት ይሆን የሚቀመጠው? ምናልባት ከወንበሩ ሥር…» ብሎ ወደ ኋላ ተመለከተ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ቃሉ አይመለስም። የምታምጥ ሴት የተኛችበትን ባዕድ ወንድ ሊያገላብጥ? «ልጄን ማንም አያስነሳትም» አለ። «ባለህ ሥራ፣ በቀለ።»

«አባ፣ እኔ…» አልኩ።

«ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲነጋገር ልጅ አፉን አይከፍትም።»

ዝም አልኩ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ዝም ያልኩት በአክብሮት ብቻ አይደለም። በሰው ፊት ስለጮኸብኝ እልህ ይዞኝ ነበር። የጋሽ በቀለ ቁልፍ በተንሸራተተ ቁጥር ውስጤ አንድ ነገር «ይበላችሁ» ይል ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያስባል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ያስባል።

ሰባቱ ወጡ። ዝገቱ ያልጠናባቸው ስለሆኑ ልካቸው ባልሆነ ቁልፍም ቢሆን ተፈቱ። ስምንተኛው ከፊት በኩል እምቢ አለ። ኮባ የጫነች በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ ቆም ብለው «ይቺ በቅሎዬ ይሄኔ ዲላ ደርሳ ሣር ትግጥ ነበር!» አሉ። ሳቁ። ከውስጥ የታደለችን ድምፅ ሲሰሙ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሽ በቀለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ጉልበቱ ተጫነው። ቁልፉ ዞረ፤ ቡሎኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የዞረው ጠርዙን በልቶ ነው። መሮና መዶሻ አነሳ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር መኪናዋ ትናጣለች፣ ታደለችም ትጮኻለች። በመጨረሻ እናቴ «ይብቃ! አውርዱልኝ!» አለች። እህቴን አባቴና ሽማግሌው ተሸክመው ሣሩ ላይ አወረዷት። ያኔ ክዳኑን አነሳሁ።

ጋሽ በቀለ ሸራውን ፈታ። ቀለበት አፍ ያለውን ቁልፍ መርጦ ቀድሞ በወጣ ቡሎን ላይ ሞከረው፤ እንደ ጓንት ገጠመ። ስምንተኛው ላይ ግን የሚይዘው ጠርዝ አልቀረም፤ በባዶ ዞረ። «ይሄ ነበር እኮ» አለ በቀስታ። «እዚህ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?»

የወንበሩን ክዳን መልሼ ዘጋሁት።

ከመንገዱ ዳር ካለው መንደር ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ወናጎ ገበያ ሳንደርስ እናቴ እጇን ታደለች ደረት ላይ አድርጋ ቆየችና ለተሸካሚዎቹ «አሁን አትቸኩሉ» አለቻቸው። እሷንና በሆዷ የቀረውን ልጅ፣ ሁለቱንም አሪቻ መልሰን ቀበርናቸው።

አባቴ እስኪሞት ድረስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያለ ኖረ። ቁልፎቹን ቀድሜ ማየቴን አልነገርኩትም። ቢያውቅ ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ እኔንም። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የተጣለ እየፈታሁና እየገጠምኩ መካኒክ ሆንኩ። ለሠራተኞቼ የምለው አንድ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ነጭ ጋዝ አጠጣው፣ ጠብቅ። ዙሪያውን የሚይዝ ልኩን ቁልፍ ፈልግ፤ ከሌለህ ሂድና አምጣ። የሚቸኩል ሰው ቁልፍ አይመርጥም፤ የሚያገኘውን ያነሳል። መርጠህ ሳትጨርስ ጉልበትህን አታሳየኝ።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ያን ቀን ያላለቀልንን መንገድ ልጆች በሞተር ሳይክል እየዘፈኑ ያልፉታል። ምጥ የያዛት ሴት በአምቡላንስ ታልፋለች። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ አንዳንዴም ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ዓይኔ ደከመና የማይሆን ቁልፍ አንስቼ የደንበኛ ቡሎን አበላሸሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የራሱ ልጆች አሉት።

«አይተህ ነበር?» አልኩት።

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

አቀረቀረ። ጨርቅ አነሳና እጁን ይጠርግ ጀመር። እጁ ንጹሕ ነበር።