እየሄደ የሚመለሰው መኪና

ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለ አዲስ አስፋልት ላይ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ሥራዬ የመንገድ ጥናት ነው። አስፋልት በብዙ ዓመት የሚደርስበትን ጉዳት ቶሎ ለማየት፣ ድንጋይ የተከመረበት ከባድ መኪና አንድ አጭር ቦታ ላይ ሲሄድና ሲመለስ እንዲውል እናደርጋለን፤ አስፋልቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከላይ ካለው መንደር ሰው መውረድ ጀመረ። ሁሉም ትከሻው ላይ ጣቶቹ የሾሉ የእንጨት መንሽ ይዟል። ሾፌራችን ታደለ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዘጋ።

«ስንት ዓመት የለመኑትን መንገድ ስናፈርስባቸው አይተው ነው» አለኝ።

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ከፊት ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ቄስ አሉ። ከመኪናው ወረድኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ ይኼ መኪና ምን ጠፍቶበት ነው እዚሁ የሚመላለሰው?» አሉኝ።

«ለጥናት ነው አባታችን። መንገዱ እስኪሰነጠቅ ነው።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካመለጠኝ በኋላ ነው። ቄሱ ወደ ሰዎቹ ዞረው ተንሾካሾኩ። ታደለ ሞተሩን አስነሳ።

«ታዲያ ቶሎ ይሰነጠቃል?» አሉኝ ቄሱ ወደ እኔ ተመልሰው።

«ኧረ ገና ነው፤ ብዙ ቀን ይፈጃል» አልኩ፣ እንዳይቆጡ ብዬ።

ፊታቸው ፈካ አለ። እጃቸውን ወደ መንደሩ ቢያወዛውዙ፣ የገብስ ነዶ የተጫኑ አህዮች ተከታትለው ብቅ አሉ።

«እንግዲያው ትንሽ ታገሱን። ነዶውን አስፋልቱ ላይ እናንጥፈውና መኪናችሁ ያበራይልን፤ በሬዎቹም ዘንድሮ ይረፉ።»